«እገሌ» የሚገባበት ቦታ፦ በእጅ የሠራናቸውን ገጾች ወደ አብነት ስለ መለወጥ

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለኅትመትና ለግራፊክስ ባለሙያዎች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በስክሪን ያሳየኋቸውን ገጾች በቃላት ከመግለጼ በቀር እንደተነገረው ትቼዋለሁ።

የተከበራችሁ የማተሚያ ቤት ባለቤቶችና ባለሙያዎች፣ የሌይአውት (የገጽ አቀማመጥ) ሥራ ባልደረቦቼ፣ ከየኮሌጁ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ቅዳሜ ጠዋት፣ ያውም የምረቃ ሥራ በሚደራረብበት በሰኔ ወር፣ ማሽናችሁን አቁማችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናችኋለሁ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ለዓመታት በእጃችን ስናስተካክላቸው የኖርናቸውን ገጾች፣ ማለትም ሰርተፍኬቱን፣ መታወቂያውን፣ የግድግዳ ካላንደሩን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ከስም ዝርዝር እያነበበ ወደሚሞላው አብነት እንዴት እንለውጣቸዋለን? አብነት ስል የአዲስ አበባውን ሰፈር ማለቴ አይደለም፤ በየሱቃችን ቴምፕሌት የምንለውን ነው። ነገሩን በሦስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ። መጀመሪያ ስለ አሮጌው ፋይል፣ ቀጥሎ በገጹ ላይ የሚለዋወጠውንና የማይለዋወጠውን ስለ መለየት፣ በመጨረሻም ስለ ዓይናችን እናገራለሁ። ሦስተኛው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ በሶፍትዌር መመሪያ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፣ ሦስተኛውን ግን ከእናንተ በቀር የሚያውቀው የለም።

ወደ ነጥቦቼ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ አሠራር አዲስ ነው ያለው ማን ነው? የብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ የምታውቁ፣ በጸሎቱ መሐል «ለገብርከ እገሌ»፣ ለአገልጋይህ ለእገሌ፣ የሚል አይታችሁ ይሆናል። ጸሐፊው መጽሐፉ የማን እንደሚሆን ሳያውቅ የጻፈ እንደሆነ የባለቤቱን ስም ቦታ ክፍት ይተወዋል፤ ባለቤቱ ሲገኝ ስሙ ይገባበታል። በክታብም እንዲሁ ነው፤ ክታቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው የተጻፈበት ይገኛል። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ፣ የዓምዱን ስፋት ወስኖ ነው ብርዕ የሚያነሣው። እንግዲህ መስመሩ፣ ዓምዱ፣ ቀይ ቀለም የሚገባበት ቦታ፣ «እገሌ» የሚለው ክፍት ስፍራ፣ ይህ ሁሉ አብነት አይደለም ትላላችሁ? እኛ ዛሬ ዳታ ፊልድ የምንለው «እገሌ»ን ነው። ስለዚህ በቀረው ንግግሬ ፊልድ በማለት ፈንታ «እገሌ» እላለሁ፤ እንደምትፈቅዱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ደንበኛው «ፋይሉ አለን፣ ስሙን ብቻ ቀይሩልን» ይላል። ፋይሉን ስንከፍተው ምን እናገኛለን? ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ እንዳይጠፋ ብለን ኮረል ድሮው በሚባለው የግራፊክስ ፕሮግራም ሁሉንም ጽሑፍ ከርቭ አድርገን፣ ማለትም ፊደሉን ወደ መስመር ሥዕል ለውጠን፣ ያስቀመጥነውን እናገኛለን። እኔም አድርጌዋለሁ፣ እናንተም አድርጋችሁታል። ከርቭ የሆነ «አበበ» ግን ስም መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ሆኗል። ኮምፒውተሩ «በ» የቱ ጋ ተጀምሮ የቱ ጋ እንዳለቀ አያውቅም፤ የሚያውቀው የመስመር መታጠፊያዎችን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ለማዳን መድከም ዋጋ የለውም፤ ከበስተኋላ አስቀምጣችሁ ጽሑፉን በላዩ ላይ እንደገና መልቀም፣ ማለትም መተየብ፣ ያዋጣል።

ከርቭ ያልሆነውስ? እሱ ደግሞ በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ይሆናል። ወጣቶቹ ላታውቁት ስለምትችሉ በአጭሩ ላስረዳ። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረ፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በ7 ቤት ተዘርግቶ፣ ዲቃላው፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመርበት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፍለው፣ ወይም ቅጥያዎቹን ለየብቻ እየገጣጠሙ፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አሰፈሩት። ለዓይን «ሰላም» ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱን የለወጣችሁ ዕለት ጉዱ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በአሮጌው መንገድ ስንሠራ ቆይተናል። አብነት የሚሠራ ሰው ይህን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ሳይለውጥ አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ አይችልም፤ ከኤክሴል የሚመጣው ስም በዩኒኮድ የተጻፈ ነውና፣ በአሮጌው ፎንት ውስጥ ሲገባ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ስትለውጡም አራት ነጥቡን እዩልኝ፤ ሁለት ኮሎን አጋጥሞ «።» ያስመሰለ ጽሑፍ ስፍር ቁጥር የለውም።

ሁለተኛው ነጥቤ በገጹ ላይ የሚለዋወጠውንና የማይለዋወጠውን መለየት ነው። ቀላል ይመስላል። የሰርተፍኬቱ የጌጥ ሐረግ፣ ማኅተሙ፣ የፊርማው ቦታ አይለወጥም፤ ስሙ፣ የትምህርት ዘርፉ፣ ቀኑ ይለወጣል። ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ውስጥ ዳታ መርጅን፣ ከዝርዝር እያነበበ ገጹን የሚሞላውን መሣሪያ፣ ከፍታችሁ የኤክሴሉን ዓምዶች ትጠሩና ስሙ በሚገባበት ቦታ ታስቀምጣላችሁ። አለቀ? አላለቀም። አማርኛ ስለሆነ አላለቀም።

አንድ የሰርተፍኬት ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። «እገሌ የተሰጠውን ሥልጠና በሚገባ አጠናቅቋል።» እገሌ ሴት ብትሆንስ? «የተሰጣትን ሥልጠና በሚገባ አጠናቅቃለች» ሊባል ነው። በስሙ ቦታ የምንለውጠው አንድ ቃል ግሱንም፣ ቅጽሉንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በኤክሴሉ ላይ የጾታ ዓምድ ጨምሮ ከዚያ ተነሥቶ ለግሱ ሌላ «እገሌ» ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ቋንቋችን ራሱ የሰጠን ነው፤ በአክብሮት «የተሰጣቸውን ሥልጠና አጠናቅቀዋል» ማለት። አንቱታው ወንድም ሴትም አይለይም፤ ለሰርተፍኬት ደግሞ ክብር ያንሰዋል የሚል ሰው አይገኝም። እኔ በግሌ ይህን እመርጣለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድሞ መለወጥ በኋላ ኮምፒውተሩን ከማስጨነቅ ይሻላል።

ሌላም አለ። «እገሌን እናመሰግናለን» የሚል የምስጋና ወረቀት ላይ «ን» ከስሙ ጋር ተጣብቃ መግባት አለባት። አብነቱ ላይ አጣብቀን እናስቀምጣታለን፣ እንዳስቀመጥናትም ትኖራለች፤ ዳሩ ግን ስሙን ወደ ኤክሴል ያስገባው ሰው ከስሙ በኋላ አንድ ጊዜ ስፔስ ነክቶ ከሆነ «አልማዝ ን» ተብሎ ይታተማል። በኤክሴሉ ላይ የማትታይ ስፔስ ወረቀቱ ላይ እንዴት ያለ ጉድጓድ እንደምትቆፍር ያየ ሰው ዝርዝሩን ሳያጸዳ መርጅ የሚለውን አይነካም።

ኤክሴልን ካነሣን አይቀር፣ እኔን ያቃጠሉኝን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትቃጠሉ። ፋይሉን በተለመደው ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በሚለያዩበት የጽሑፍ ፋይል) ያስቀመጣችሁ እንደሆነ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ዩኒኮድ ቴክስት በሚለው አስቀምጡት። የመታወቂያ ቁጥሩ 0042 ከሆነ ኤክሴል ፊት ያሉትን ዜሮዎች አውልቆ 42 ያደርገዋል። ከሁሉም የሚብሰው ቀኑ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2015ን 5/13/2015 ብላችሁ ጻፉ፤ ወርን ከቀን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል ያለ ምንም ማመንታት የፈረንጆች ሜይ 13 ነው ብሎ ይይዘዋል። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን ማን ነግሮት? ስለዚህ የቁጥሩንም የቀኑንም ዓምድ ከመጻፋችሁ በፊት ቴክስት አድርጉት።

ፎቶም እንደዚሁ ነው። የመታወቂያ ፎቶዎችን በባለቤቶቹ ስም አታስቀምጡ። ዝርዝሩ ላይ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈው ፎቶው ላይ «ጸሀይ» ተብሎ ይመጣል፤ ለእኛ አንድ ሰው ናት፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ፎቶን በመለያ ቁጥር እንጂ በስም አናገናኝም።

አሁን በገዛ እጄ የሠራሁትን ስሕተት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ኮሌጅ የምረቃ ሰርተፍኬት እንድናትም ታዘዝን። ዝርዝሩ ሲመጣ የተመራቂው፣ የአባትና የአያት ስም በአንድ ዓምድ ተጠቅጥቆ ነበር። አብነቱ ላይ የአያት ስም በሁለተኛው መስመር እንዲወርድ ፈልጌ ስለነበረ ዓምዱን በስፔስ ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ኤክሴል በአንድ ደቂቃ ከፋፈለልኝ፤ እኔም በራሴ ተደሰትኩ። ታተመ፣ ታሠረ፣ ሄደ። ሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት ሰርተፍኬቱን በፕላስቲክ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። የአባቱ ስም «ገብረ»፣ የአያቱ ስም ደግሞ «እግዚአብሔር» ተብሎ ታትሟል። ልጁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አባቴን የማን ገብር ነው ያደረጋችሁት?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አያቱን ጭራሽ አላነሣውም። ዝርዝሩን መልሰን ስናየው ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ፣ ተክለ የተባሉት ሁሉ እንደዚያው ተቆርጠዋል። በእጅ ስንሠራ ኖሮ ይህ ይደርስ ነበር? አይደርስም ነበር፤ ማንም አማርኛ የሚያውቅ ሰው ገብረ እግዚአብሔርን ከሁለት አይከፍለውም። እኔ ግን ያንን እውቀት ለኮምፒውተሩ አላስተላለፍኩለትም። ከዚያ ወዲህ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በሦስት የተለያዩ ዓምዶች የማይሰጥ ደንበኛ ሥራው አይጀመርለትም፤ እንደ ገብረ እግዚአብሔር ባሉት መሐልም የማይሰበር ስፔስ እናስገባለን፣ በመስመር መጨረሻም እንዳይለያዩ።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደረስኩ። ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ አካባቢ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ በነበረ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ሌይአውት ያስተማሩኝን ሰው ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ጋሼ ሰርተፍኬት ሲሠሩ እያንዳንዱን ስም ይጽፉና ወንበራቸውን ገፋ አድርገው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዩታል። ከዚያ አንዱን ስም ትንሽ ያሳንሱታል፣ ሌላውን ወደ ላይ ይስቡታል፣ ሌላውን ሁለት መስመር ያደርጉታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ሥራቸውን ወደ አብነት ልለውጥ ስነሣ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ስም ለምን ወደ ላይ ሳቡት?»

«ዓይኔ ነው የነገረኝ፣ ልጄ።»

«ዓይንዎ ምን አለዎት?»

ሳቁብኝ። እኔ ግን ተመልሼ ሄድኩ፤ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ አሮጌ ሥራዎቻቸውን አንድ በአንድ እየገለጥን «እዚህስ? እዚህስ?» አልኳቸው። «አበበ ታዬ ለማ» ከነስፔሱ 9 ቦታ ይይዛል። «ወለተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ኃይለ ሥላሴ» ደግሞ 28። ሁለቱም በአንድ ሰርተፍኬት፣ በአንድ መስመር፣ በእኩል ክብር መቀመጥ አለባቸው። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ያለውን መስማት ጀመርኩ። እስከ 14 ቦታ የሚይዝ ስም በ30 ነጥብ የፊደል መጠን ይጻፋል። እስከ 19 የሚደርሰው ወደ 26 ይወርዳል። ከዚያ የሚያልፈው ከ26 በታች አይወርድም፣ ይልቁንም የአያት ስም ወደ ታች መስመር ይወርዳል። «ከዚያ በታች ካሳነስከው ሰውዬውን አዋረድከው» አሉኝ። ሁለት መስመር የሆነ ስም ደግሞ ከታች ካለው ጽሑፍ ጋር እንዳይጋፋ ከፍ ይላል። ለምን ወደ ላይ ይስቡት እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ለካስ ዓይን የምንለው ያልተጻፈ ደንብ ኖሯል!

ይህን ደንብ በቁጥር ጻፍኩት፤ አሁንም ስሕተት ነበረበት። የእኛ ፊደል ስፋቱ እኩል አይደለም፤ ጠ፣ ጨ፣ ሐ ሰፋፊ ናቸው፣ ነ፣ ገ፣ ር ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ አሁን ፊደል አንቆጥርም፤ በስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ በሚፈጽመው አጭር ትእዛዝ፣ የስሙን ስፋት በሚሊ ሜትር አስለክተን ከክፍት ቦታው ጋር እናስተያየዋለን። የጋሼ ደንብ ግን አልተለወጠም፣ መለኪያው ብቻ ነው የተለወጠው።

ከውጭ ተዘጋጅተው የሚመጡ አብነቶችን አውርዳችሁ አማርኛ ስትሞሉባቸው የሚያስቀይመውም ከዚሁ የመጣ ነው። እነዚያ የተሠሩት በላቲን ፊደል ዓይን ነው። ርእሱ በትልልቆቹ ፊደላት ይለያል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፣ ርእሳችን የሚለየው በመጠንና በውፍረት ነው። መስመሮቹ የተቀራረቡት የላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ነው፤ የእኛ ፊደል ሙሉ ቁመቱን ይዞ ስለሚቆም በዚያው ርቀት ሲደረደር ይታፈናል። አድምቁት ሲባል ደግሞ ፎንቱ ደማቅ ዝርያ የሌለው ይሆንና ኮምፒውተሩ ጠርዙን አወፍሮ ያጨማልቀዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰሉ ብዙ ውፍረት ያላቸው ፎንቶች በነጻ አሉ፤ ለአብነት የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

ካላንደርን ሳላነሣ ብወርድ ይቆጨኛል፤ ከማውቃቸው ገጾች ሁሉ ለአብነት የተፈጠረ ቢኖር እሱ ነውና። አሥራ ሁለቱም ወራት 30 ቀን ናቸው። 30ን ለ7 ስናካፍል 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር መባቻ ሁለት ቀን ተሻግሮ ይጀምራል። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ፣ ጥቅምት ቅዳሜ ገባ፣ ኅዳር ሰኞ። ፈረንጆቹ 28፣ 30ና 31 እያሉ ሲቸገሩ እኛ 7 የወር ገጽ ከሠራን ለዘላለም በቃን። የዓመቱን መነሻ ቀንም ባሕረ ሐሳብ፣ የአባቶቻችን የዘመን ቀመር፣ ይሰጠናል፤ 5500ን በዓመቱ ላይ ደምሩ፣ የድምሩን አራተኛ እጅ ትርፉን ትታችሁ ጨምሩበት፣ ለ7 ግደፉት፣ ማለትም ለ7 አካፍላችሁ የተረፈውን ያዙ። ለ2018 ሲሠራ 7518 ሲደመር 1879 ይሆናል 9397፤ ለ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። 7518 ለ4 ሲካፈል ደግሞ 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው፤ 3 የተረፈ ዕለት ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም በገጹ ላይ ቋሚ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ዐቢይ ጾም፣ ፋሲካና የዒድ በዓላት ግን በየዓመቱ ከዝርዝር የሚመጡ «እገሌ»ዎች ናቸው።

እዚህም ታዲያ ዓይን አለች። የ2018 የካቲት እሑድ ገባ። ሳምንቱን ከሰኞ ለሚጀምር ካላንደር 1 በመጨረሻው ሳጥን ላይ ይወድቅና 30ኛው ቀን ብቻውን ስድስተኛ መስመር ይጠይቃል። ለአንድ ቀን ሲባል የወሩ ሰንጠረዥ ሁሉ ይጨመቅ? ቀደምቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር? 23ን እና 30ን በአንድ ሳጥን ውስጥ በሰያፍ መስመር ከፍለው ያስቀምጧቸው ነበር። ሁለቱም ሰኞ ናቸው፤ አይጣሉም። ይህን ማንም አልጻፈውም፣ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ግን ተሰቅሏል። አብነቱ ውስጥ «ወሩ እሑድ ከገባ 30ን ከ23 ጋር አስቀምጥ» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ያንን አንድ መስመር የሚያውቀው ግን ካላንደር በእጁ የሠራ ሰው ነው።

«ታዲያ የእኛ ሥራ ሊቀር ነው?» የሚል ጥያቄ ከወንበሮቹ መሐል ይሰማኛል፤ ሳትጠይቁኝ ልመልስ። ስም መልቀሙ ይቀራል። አራት መቶ ስም ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅም ያደረ ሰው በእሱ መቅረት የሚያዝን አይመስለኝም። ሁሉም ነገር አብነት ይሁን የሚሉትንም አልከተልም። የሠርግ ጥሪ ሙሽሮቹ እንደማንም እንዳይሆን ብለው የሚያዝዙት ነው፤ እሱን ለእጃችሁ ተዉት። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለማይመለስ ሥራ አብነት ማዘጋጀት ትርፉ ድካም ነው። አጠገባችሁ እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ካሉ ግን እባካችሁ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሄዳችሁ «እዚህስ?» በሏቸው።

ከሻይ በኋላ በተግባር እናየዋለን። አሁን በየረድፉ አንድ ወረቀት ይዞራል። በወረቀቱ ላይ የራሳችሁን ሳይሆን፣ ከዘመድ ከጎረቤት የምታውቁትን ረጅሙንና አስቸጋሪውን ስም ከነአባትና ከነአያት ጻፉልኝ፤ በሦስት ዓምድ ይሁን፣ አደራ። እንደተጻፈ ኤክሴል ላይ እናስገባውና እዚሁ ፊታችሁ በሰርተፍኬቱ አብነት ውስጥ እናሳልፈዋለን። አብነቱን የሚሰብር ስም ያመጣ ሰው መድረኩ ላይ ወጥቶ እሱ በእጁ እንዴት እንደሚያስቀምጠው ያሳየናል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እጽፋለሁ። አመሰግናለሁ።